ስክራብል፦ ቃል ከማወቅ ይልቅ መቁጠር የሚፈርድበት ጨዋታ

ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ እ.ኤ.አ. በ2015 አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ላይ የእንግሊዝኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በፍጻሜው የገጠመው ብሪታንያዊውን ሉዊስ ማካይን ነበር፤ 4 ለ 0 አሸነፈው። ከዚያ በፊት ይህን ዋንጫ የወሰደ አፍሪካዊ አልነበረም። እንግሊዝኛ የትምህርት ቤትና የቢሮ ቋንቋ ከሆነበት አገር የመጣ ሰው፣ የቋንቋው ባለቤቶች በሚመኩበት ሰሌዳ ላይ እንዲህ አድርጎ ማሸነፉ ጁባ ላይ ላለን ሰዎች ብዙ የሚነግረን ነገር አለ።

ጁባ ውስጥ አንድ ልጅ ቤቱ ባሪ ወይም ዲንካ ወይም ኑዌር ይናገራል። ሰፈር ሲወጣ የጁባ ዓረብኛ ይቀበለዋል። እንግሊዝኛ ደግሞ ከደቡብ ሱዳን የ2011 ነጻነት ወዲህ የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ ክፍል ውስጥ ይጠብቀዋል። እዚህ ነግደን፣ ሆቴል ከፍተን የምንኖር ኢትዮጵያውያንም ብንሆን እንግሊዝኛን ያገኘነው ከአማርኛ ወይም ከሌላ አፍ መፍቻ በኋላ ነው። «እንግሊዝኛዬ አይመጥንም» ብሎ ከስክራብል የሚሸሽ ሰው ግን ጨዋታውን ከሩቅ ነው የሚያውቀው። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ዋናው ብልሃት ከሰዋስውና ከንግግር ጋር እምብዛም ዝምድና የለውም።

ስክራብል ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ነው፤ መነሻውም ቆጠራ ነው። ፈጣሪው አልፍሬድ በትስ አሜሪካዊ አርክቴክት ነበር። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ አጥቶ ሳለ ጋዜጣ እየዘረጋ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ቆጠረ፤ የጠጠሮቹንም ብዛት በዚያ ወሰነ። ከረጢቱ ውስጥ 100 ጠጠሮች አሉ። «ኢ» 12 ጊዜ ስላለች የምታስገኘው 1 ነጥብ ብቻ ነው፤ «ኪው» እና «ዜድ» ግን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገኙ 10፣ 10 ነጥብ ያወጣሉ። ሁለቱ ጠጠሮች ምንም አልተጻፈባቸውም፤ የፈለጉትን ፊደል ይተካሉ። ሰሌዳው 225 ቤት አለው። ተጫዋቹ ፊቱ 7 ጠጠር ይደረድራል፤ ሰባቱንም በአንድ ተራ ካወረደ 50 ነጥብ ይመረቅለታል።

ጀማሪ ረጅምና የሚያምር ቃል ሲፈልግ ጎበዙ አስቀድሞ የሚያጠናው ባለሁለት ፊደሎቹን ነው። ዓለም አቀፍ ውድድር የሚዳኝበት የኮሊንስ መዝገብ በ2019 እትሙ 127 እንዲህ ያሉ ቃላትን ይዟል። ጥቅማቸው ከራሳቸው ነጥብ አይደለም። ሰሌዳው ላይ ከተቀመጠ ቃል ሥር ሌላ ቃል ጎን ለጎን ሲጋደም፣ የሚነካኩት ፊደላት ሁሉ ወደ ታችም ቃል መስጠት አለባቸው፤ ባለሁለት ፊደሎቹን የያዘ ሰው አንዱን ጠጠር ሁለት ጊዜ ያስቆጥራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት፣ በእኔ እምነት ጎበዙን ከለማጁ የሚለየው ነው፦ ሰሌዳ ላይ የሚያወርዱትን ብቻ ሳይሆን እጅ ላይ የሚተርፈውንም መመዘን። አንድ ተጫዋች ሁለት አማራጭ አለው እንበል። አንደኛው 24 ነጥብ ይሰጠዋል፤ እጁ ላይ ግን አንድ «ቪ» እና ሁለት «ዩ» ይቀሩበታል። ሁለተኛው የሚሰጠው 18 ነው፤ የሚተርፉት ግን «ኢ»፣ «አር» እና «ኤስ» ናቸው። ጀማሪ 24ቱን ያፍሳል። ጎበዙ ሳያመነታ 18ቱን ይወስዳል፤ ምክንያቱም እነዚያ ሦስት ፊደላት ቀጥሎ ከሚወጡት ጠጠሮች ጋር ተገናኝተው የ50ውን ምርቃት የማምጣት ዕድላቸው ሰፊ ነው። ያ «ቪ»ና ሁለቱ «ዩ» ግን ተራ ያስበላሉ። ስድስት ነጥብ ከፍሎ የነገን ዕድል መግዛት ማለት ይህ ነው። ባዶዋን ጠጠር ለትንሽ ነጥብ የማያወጡትም ለዚሁ ነው።

የቃል ጥናቱም በዚህ ስሌት የተቃኘ ነው። «ሬቲና» የሚለውን ቃል ስድስት ፊደላት እንውሰድ። «ጂ» ሲጨመርባቸው ግራናይት ይሆናሉ፤ «ፒ» ሲመጣ ፔይንተር፣ «ዲ» ሲመጣ ትሬይንድ፣ «ኬ» ሲመጣ ኬራቲን፣ ሁሉም ባለሰባት ፊደል። ስለዚህ ተጫዋቹ ስድስቱን አንድ ላይ ሲያይ ሰባተኛውን እየጠበቀ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። የሚያጠናውም ፊደላቱን በተርታ፣ ትርጉም በሌለው ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ከዚያ ውስጥ ቃሉን በማውጣት ነው።

ጁባ ላይ ማንጎ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጣ ዶሚኖ የሚጫወት ሰው ቀጣዩን ጥበብ ያውቀዋል። በዶሚኖ እያንዳንዱ ቁጥር 7 ድንጋይ ላይ ይገኛል፤ ስድስቱ ከወጡ ሰባተኛው የት እንዳለ መገመት አያቅትም። ስክራብልም እንዲሁ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ይበዛል። የውድድር ተጫዋች የወጣውን ፊደል ሁሉ ወረቀት ላይ ይሰርዛል። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ተጋጣሚው የያዛቸውን ሰባት ጠጠሮች በስም ያውቃቸዋል። እዚያ ላይ ጨዋታው ዕድል መሆኑ ያበቃል። ተጋጣሚው እጅ ላይ «ኪው» ቀርታለች፤ የምታርፍበትም አንዲት «አይ» አጠገብ ብቻ ነው እንበል፤ «ኪ» የምትባለውን የቻይናውያን የሕይወት ኃይል ስም ለመሥራት። ያንን ቤት በትንሽ ቃል መዝጋት ተገቢ ነው። ቀድሞ የጨረሰ ሰው ተጋጣሚው እጅ የቀረውን ነጥብ በእጥፍ ስለሚያገኝ፣ የታሰረችው «ኪው» ብቻዋን 20 ነጥብ ታስገባለታለች።

ናይጄሪያውያን በዓለም መድረክ የታወቁበትም ስልት ከዚህ የራቀ አይደለም። ባለሰባት ፊደል ሲያገኙም እንኳ አንዳንዴ አጠር ያለ ቃል ይመርጣሉ፤ ጥሩ ጠጠሮቻቸውን ያቆያሉ፣ ሰሌዳውንም ጠበብ አድርገው ተጋጣሚው ረጅም ቃል የሚያወርድበት ክፍት ቦታ ይነሱታል። አገሪቱ ስክራብልን በስፖርትነት ይዛዋለች፤ እንደ ስፖርትም ያሠለጥኑበታል።

ቋንቋው የግድ አይደለም ለሚለው ክርክር ከኒውዚላንዳዊው ናይጅል ሪቻርድስ የበለጠ ምስክር የለም። በእንግሊዝኛው ደጋግሞ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ይህ ሰው በ2015 ቤልጂየም ውስጥ የፈረንሳይኛውን የዓለም ዋንጫ ወሰደ። ፈረንሳይኛ አይናገርም፤ መዝገበ ቃላቱን በጥቂት ሳምንታት በቃሉ ይዞት ነበር። በ2024 ደግሞ ግራናዳ ላይ ስፓኒሽኛውንም ደገመው። ለአስተማሪዎች ይህ ሊያሳዝን ይችላል፤ ቃሉን ሳያውቁት መሸምደድ ነውና። እኔ ግን በሩ ለሁሉም እኩል መከፈቱ ይበልጥብኛል።

በአማርኛ ይህን ጨዋታ እንዳለ መቅዳት አይቻልም። 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ነው፤ ከሰሌዳው 225 ቤቶች ይበልጣል፤ ዲቃላዎቹ ገና አልተቆጠሩም። ለፊደላችን የሚሆን ሰሌዳ ሌላ አሳብ፣ ሌላ ቆጠራ ይፈልጋል፤ የሚሠራው ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል።

እስከዚያው በእንግሊዝኛው ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። መድረኩም ሩቅ አይደለም፦ የዓለም ሻምፒዮናው በ2017 ናይሮቢ ላይ ተደርጓል፤ ከጁባ በኒሙሌ አድርጎ በመኪና የሚደረስበት ከተማ ነው። ለልምምድ ደግሞ ክዋክል የተባለው የስክራብል ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ አንዴ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በ2006 ቶሮንቶ ላይ የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ዴቪድ ቦይስን 3 ለ 2 ያሸነፈው እርሱ ነው። ጀማሪው መጀመሪያ 127ቱን ባለሁለት ፊደል ይያዝ፤ ከዚያ ከ1,300 የሚበልጡትን ባለሦስት ፊደል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ይቀጥል። የተጫወተውን ጨዋታ ተራ በተራ ጽፎ ክዋክል ላይ ያስገባ፤ ፕሮግራሙ እርሱ ያልመረጠውን ቃል ሲመርጥ፣ እጅ ላይ የተረፉትን ጠጠሮች ያወዳድር።