ጄኔራል ሮበርት ናፒየርና የላስታ መንገድ

በታሪክ መጻሕፍቶቻችን ውስጥ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚታየው ለጥቂት ገጾች ብቻ ነው። ከቀይ ባሕር ዳር ይነሣል፤ ተራራ ለተራራ መጥቶ መቅደላ ይደርሳል፤ ዓፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ይሠዋሉ፤ እርሱም እስረኞቹን ይዞ ይመለሳል። ከየት እንደ መጣ፥ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ፥ ከሄደም በኋላ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ሰውየው ግን ወደ እኛ አገር ሲመጣ ዕድሜው 57 ደርሶ ነበር። ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ አገልግሎት ያለው፥ መንገድና ቦይ ያሠራ፥ በአገር አስተዳደር ምክር ቤት የተቀመጠ፥ ለጥቂት ቀናትም ሕንድን በእንደራሴነት የገዛ ሰው ነው። በላስታና በዋድላ ደጋ ላይ የፈጸመውን ሥራ፥ ይልቁንም ከዋግሹም ጎበዜ ጋር የነበረውን ጉዳይ ለመመርመር የሚፈልግ ሁሉ ከዚህ መጀመር አለበት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሮበርት ኮርኔሊስ ናፒየር በዲሴምበር 6 ቀን 1810 በኮሎምቦ ከተማ፥ ያን ጊዜ ሴሎን ትባል በነበረችው በዛሬይቱ ስሪ ላንካ ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝ መድፈኛ ጦር ሻለቃ ነበር። ኮርኔሊስ የተባለው ሁለተኛ ስሙ አባቱ ከቈሰለበት በጃቫ ደሴት ከሚገኝ ምሽግ የተወሰደ ነው። አባቱ የሞተው ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ነው። ናፒየር እንግሊዝ አገር በሚገኘው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የጦር ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በቤንጋል የመሐንዲሶች ጦር ውስጥ ተመድቦ በ1828 ሕንድ ገባ። እንግዲህ ሙያው ከመነሻው ምሕንድስና መሆኑን ልብ ይሏል፤ ኋላ መቅደላ ድረስ ያደረሰው ከጀግንነቱ ይልቅ ይህ ሙያው ነውና።

በሕንድ የመስኖ ቦይ ሠራ፤ በሂማላያ ግርጌ ዳርጂሊንግ የተባለችውን ደጋማ ከተማና ወደ እርስዋ የሚወስደውን መንገድ አቀና። ከሲክ ሕዝብ ጋር በተደረጉት ሁለት ጦርነቶች ተዋጋ፤ ቈሰለም። እንግሊዞች ፑንጃብን በ1849 ከያዙ በኋላ የዚያ አገር ዋና መሐንዲስ ሆኖ ከላሆር ወደ ፔሻዋር የሚወስደውን ታላቅ መንገድ ከሠሩት አንዱ ሆነ። በ1857 ሕንዶች በተነሡ ጊዜ በላክናው ጦርነት እንደ ገና ቈሰለ፤ በ1860 ደግሞ በቻይና ጦርነት አንድ ክፍለ ጦር መራ። ከዚህ በኋላ ሥራው ከጦር ሜዳ ወደ ጠረጴዛ ዞረ። ከ1861 ጀምሮ በሕንድ ጠቅላይ ገዥ ምክር ቤት የጦር ጉዳይ አባል ነበር፤ በ1863 መጨረሻ እንደራሴው ሎርድ ኤልጂን በሞተ ጊዜም ተተኪው እስኪደርስ ድረስ በስፍራው ተቀመጠ። በ1865 የቦምቤይ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሆነ። ጦርና ፖለቲካ በአንድ እጅ የተያዙበት የቅኝ ግዛት አገልግሎት ምን እንደሚመስል ለማየት የዚህን ሰው ታሪክ ያህል የተመቸ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የዘመቻው ምክንያት የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1867 ጦር እንዲላክ ሲወስን ሥራው ለቦምቤይ ጦር ተሰጠ፤ አዛዡም ናፒየር ሆነ።

መሐንዲሱ ናፒየር አገሩን በሩጫ የሚያዝ አድርጎ አላየውም። ወደ 13,000 የሚደርስ ወታደር፥ 26,000 ያህል ተከታይና ከ40,000 በላይ የጭነት እንስሳ አሰለፈ፤ ከእነዚህም መካከል ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩ። በዙላ የመርከብ መድረሻ ተሠራ፤ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ የቴሌግራፍ ሽቦም ከጦሩ ኋላ ኋላ ይከተል ነበር። ከዙላ እስከ መቅደላ ያለው ወደ 640 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጠርጎና ተደላድሎ የሚታለፍ እንጂ በጦርነት የሚከፈት አልነበረም። ወጪውም በዚያው ልክ ሆነ፤ በመጨረሻ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ የእንግሊዝ ምክር ቤት መነጋገሪያ ለመሆን በቅቷል።

መንገዱ ግን በድንጋይና በአፈር ብቻ የሚሠራ አልነበረም። ናፒየር ለመኳንንቱ፥ ለካህናቱና ለሕዝቡ አዋጅ አስነገረ፤ የመጣሁት እስረኞቹን ለማስፈታት ብቻ ነው፥ ካስፈታሁ በኋላ እመለሳለሁ የሚል ነበር። ጦሩ እህልና ሣር ከገበሬው የሚወስደው በማሪያ ቴሬዛ ብር እየከፈለ ነው። የአገራችን ገበሬ የንግሥቲቱ መልክ በደንብ የማይታይበትን ብር አልቀበልም ስለሚል፥ እንግሊዞች ብሩ ቬና ላይ በአዲስ እንዲመታ ማድረግ ግድ ሆነባቸው። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1868 ናፒየር ከትግሬው ገዥ ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ፤ በትግራይ በኩል ማለፊያውን አገኘ።

ከአሸንጌ ሐይቅ ወዲህ ያለው አገር በዋግሹም ጎበዜ እጅ ነበር። ዋግሹሞች ትውልዳቸውን ላሊበላን ከገነቡት ከዛጉዌ ነገሥታት ይቈጥራሉ፤ በላስታና በዋግ የነበራቸው ክብር ከሌላው መስፍን የተለየ የሆነውም በዚህ ነው። የጎበዜ አባት ዋግሹም ገብረ መድኅን በዓፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተሰቅለው ሞተዋል። ልጅየው ከሸፈቱ በኋላ ዋግንና ላስታን ይዘው የንጉሡ ዋና ባላንጣ ሆኑ። ስለዚህ የውጭ አገር ጦር በቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ላስታ ለምን ዝም አለች ብሎ መጠየቅ የዚህን ደም ታሪክ መርሳት ነው። ይሁን እንጂ ዋግሹም ጎበዜ እንደ ደጃዝማች ካሣ ወደ ናፒየር ሰፈር በአካል አልመጡም፤ ጉዳያቸውን በመልእክተኛ ነበር የሚያካሂዱት። ይህ ልዩነት ኋላ ዋጋ አስከፍሏል ብዬ እገምታለሁ።

በማርች 1868 ጦሩ የላስታን ምሥራቃዊ ደጋ ያዘ። ከባሕር ዳር ሐሩር የመጣ ወታደር ብርድና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደበት። ናፒየር ጓዝ እንዲቀነስ፥ ወታደሩም ዕቃውን በገዛ ጀርባው እንዲሸከም አዘዘ። ጥቂት ባልሆነ ወታደር ዘንድ ማጉረምረም ተነሣ፤ 33ኛው ሬጅመንት በዚህ ምክንያት ከግንባር ወደ ኋላ እንዲሆን ተደረገ። እንግሊዞች ስለዚህ ጉዞ በጻፉት ውስጥ የገደሉ፥ የብርዱና የጭነቱ ነገር ሲበዛ ቤቱን፥ ማሳውንና ውሃውን ያሳለፈው ገበሬ ግን ከሻጭነቱ በቀር እምብዛም አይነሣም። ጦሩ በሙጃ በኩል አድርጎ የተከዜን መነሻ ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ዋድላ ወጣ። ላሊበላ ከዚህ መንገድ በስተ ምዕራብ ትቀራለች፤ ከዘመቻው ጋር የነበረው ጀርመናዊው መንገደኛ ጌርሃርድ ሮልፍስ በመልሱ ጊዜ ወደዚያ ጎራ ብሎ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቷል።

በዋድላ ላይ፥ ቤተ ሖር ሲደርሱ እንግሊዞች ያልጠበቁትን ነገር አገኙ፤ የተሠራ መንገድ። ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማስጎተት ሲሉ በጂጣ ገደል ላይ ያስጠረጉት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከኦክቶበር 1867 ጀምሮ አምስት ወር ከመንፈቅ ያህል በዚህ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ቋጥኙን በባሩድ እያስፈነዱ፥ አንዳንድ ጊዜም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ። ዕድሜውን ሁሉ መንገድ ሲሠራ የኖረው ናፒየርና መሐንዲሶቹ ሥራውን አይተው አደነቁ፤ ጦራቸውንም በእርሱው ላይ አወረዱ። ዓፄ ቴዎድሮስ የደከሙበት መንገድ ለጠላታቸው ማለፊያ መሆኑ ከዘመቻው ነገር ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ይመስለኛል።

የቀረው ፈጥኖ አለቀ። በስቅለት ቀን፥ በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ፊታውራሪ ገብርዬና ከ700 የማያንሱ ወታደሮች ሲወድቁ ከእንግሊዝ በኩል የቈሰሉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፤ ዓፄ ቴዎድሮስም በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። መቅደላን ማን ይረከብ? የአምባው ዙሪያ የወሎ ኦሮሞዎች አገር ስለ ነበር ወርቂት እና መስተዋት የተባሉ ሁለት ባላንጣ ወይዛዝርት እያንዳንዳቸው ይገባናል አሉ። ናፒየር ግን ለዋግሹም ጎበዜ ለመስጠት ይመርጥ ነበር፤ ከቴዎድሮስ ሰፈር የቀረው ወደ 30,000 የሚደርስ ሕዝብ ጠባቂ ያሻው ነበርና። ዋግሹሙ ለጥሪው አልተቻኮሉም። የፈለጉት አምባውን ሳይሆን የቴዎድሮስን መድፎች ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ መልስ የዘመኑን ነገር ከናፒየርም አስቀድሞ የተረዳ ሰው መልስ ነው። ከላስታ አምባዎች ላይ አንድ አምባ ቢጨመር ምን ይጠቅማል? መድፍ ግን ዙፋን ያወጣል። ናፒየር መድፎቹን አልሰጠም፤ ሰባበራቸው። ወይዛዝርቱም መስማማት ስላቃታቸው በኤፕሪል 17 ቀን 1868 መቅደላ ተቃጠለች።

ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት፥ መጻሕፍቱም ንዋየ ቅድሳቱም፥ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ሐራጁ የተካሄደው በናፒየር ፈቃድ ነው። ልዑል ዓለማየሁም ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ አርፈው ጨለቆት ተቀበሩ።

ናፒየር ወደ ባሕር ሲመለስ ሰናፌ ላይ ለደጃዝማች ካሣ ስለ ዋሉለት ውለታ 12 መድፎችና ከ800 በላይ ጠመንጃ ከነጥይታቸው ሰጠ። እንግሊዞች ይህን የአገር ውስጥ ጉዳይ ውስጥ እንደ መግባት አልቈጠሩትም፤ ስጦታ አሉት። ለአንዱ መተላለፊያ የመሣሪያ ዋጋ ተከፈለ፤ ለሌላው መተላለፊያ የቀረበው የማይፈለግ ተራራ ነበር። የናፒየር አሳብ ምናልባት ከመንገድ መሐንዲስ አሳብ አላለፈም ይሆናል፤ መመለሻው በትግራይ በኩል ስለ ነበር መመለሻውን ለጠበቀለት ከፈለ። የሥራው ውጤት ግን ከአሳቡ ጋር አልቀረም።

ዋግሹም ጎበዜ በዚያው ዓመት ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። አቡነ ሰላማ በ1867 መቅደላ ላይ ሞተው ስለ ነበር የሚቀባ ጳጳስ አልነበረም። ደጃዝማች ካሣ በበኩላቸው በ1869 አቡነ አትናቴዎስን ከግብጽ አስመጡ። ሁለቱ ሰዎች አማች ነበሩ፤ የዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት እቴጌ ድንቅነሽ የካሣ እኅት ናቸውና። ይህም አላዳነም። በጁላይ 11 ቀን 1871 ዓድዋ አጠገብ አሰም በተባለ ስፍራ 60,000 ይደርሳል የሚባለው የላስታና የጎንደር ጦር 12,000 በሚሆን፥ ነገር ግን የእንግሊዝ መሣሪያ በያዘና ኪርካም በተባለ እንግሊዛዊ በሠለጠነ ጦር ተሸነፈ። ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተማረኩ፤ ዓይናቸውም እንዲጠፋ ተደረገ። ካሣ በ1872 አክሱም ላይ ዓፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

በዚያን ጊዜ ናፒየር የት ነበር? በጁላይ 1868 «የመቅደላ ባሮን ናፒየር» ተብሎ የሎርዶች ምክር ቤት አባል ሆኗል፤ ከ1870 እስከ 1876 ደግሞ የሕንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ነበር። ከአሰም ጦርነት 11 ቀን በፊት፥ በጁን 30 ቀን 1871 በለንደን የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ስለ መቅደላው ዘውድና ጽዋ ክርክር ተነሥቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶን ዕቃዎቹ በመምጣታቸው እጅግ ማዘኑን ገለጸ። በዚያው ንግግሩ ናፒየር ራሱ፥ ዕቃዎቹ ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ በአደራ ይቀመጡ እንጂ ከእንግሊዝ ብሔራዊ ሀብት ጋር አይቀላቀሉ ማለቱን ለምክር ቤቱ አስታወቀ። ሐራጁን የፈቀደው ሰው ይህን ማለቱ የሚያስገርም ነው፤ ለተመራማሪም ትልቅ ምስክር ነው። የወርቁ ዘውድና ጽዋው ግን ዛሬም ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ናቸው።

ከ1876 እስከ 1883 ናፒየር የጅብራልታር ገዥ ነበር፤ እርስዋም በባሕር በር ላይ የተቀመጠች የድንጋይ አምባ ናት። በ1883 የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ አገኘ። በጃንዋሪ 14 ቀን 1890 ለንደን ላይ ሞቶ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። የመቅደላ ባሮንነት ማዕረግ ወደ ልጁ ተላለፈ፤ እርሱ ራሱም በፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚታይበት ሐውልት ለንደን ኩዊንስ ጌት በተባለው መንገድ ላይ ቆሟል።