ክረምት ሲገባ በአሮጌ መኪና

ከመካነ ሰላም ወደ አጅባር በክረምት የምትነዱ ሾፌሮች፣ ይህን አንብቡና ለባልደረቦቻችሁም አጋሩ።

ባዶ የቆየ ፒካፕ ከፊት ከባድ፣ ከኋላ ቀላል ነው፤ የሞተሩ ኃይል ደግሞ የሚሄደው ለኋላ ጎማ ነው። እርጥብ ኩርባ ላይ ነዳጅ በድንገት ከተረገጠ ኋላው ይንሸራተታል። ያኔ ፍሬን አትርገጡ። እግራችሁን ከነዳጁ ቀስ ብላችሁ አንሱ፤ መሪውን ኋላው ወደሄደበት አቅጣጫ አዙሩ።

ጅረት ከተሻገራችሁ የታምቡር ፍሬን ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ቶሎ አይዝም። በዝግታ እየነዳችሁ ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ያዙት፤ ሸራው በሙቀቱ ይደርቃል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው የሚያየው ጥርሱን ብቻ ነው። ዕድሜውንም እዩ እንጂ! ጎኑ ላይ 2319 የሚል ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ካለ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ላስቲኩ ይደርቃል፣ እርጥብ መንገድ አይቆነጥጥም።

የድሮ ላንድ ክሩዘር የያዛችሁ ደግሞ፣ የፊት ጎማው መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ካለው ጭቃው ውስጥ ሳትገቡ ወርዳችሁ ቆልፉት። ሳይቆለፍ መኪናው ውስጥ ያለውን የአራት ጎማ ማርሽ ብቻ ብታስገቡ የፊት ጎማዎቹ አይጎትቱም።

የሞላ ወንዝ ሲገጥማችሁ ግን፣ ተሳፋሪው ምንም ቢያጣድፋችሁ አትግቡ። ውሃው እስኪጎድል ጠብቁ።