አሮጌዋ ሲትሮኤን ስትታመም በሽታዋ እንዴት ይታወቃል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። መኪና ግን በሽታዋን አትደብቅም፤ የሚያደምጣት ካገኘች በመሪዋ፥ በድምፅዋና በአቋቋሟ ትናገራለች። ለዚህም በዘመኗ የሹማምንትና የባለጸጎች መጓጓዣ የነበረችው የፈረንሳይ መኪና፥ ሲትሮኤን ዲኤስ፥ መልካም ምሳሌ ትሆናለች።

ይህች መኪና እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1955 በፓሪስ ለሕዝብ ታየች፤ እስከ 1975ም ድረስ ተሠራች። ሌሎች መኪናዎች በብረት ሞላ ወይም በባሌስትራ ሲሄዱ፥ እርሷ የተደገፈችው ለየጎማው በተሰጠ ድቡልቡል የብረት ዕቃ ላይ ነው። የዚህ ድቡልቡል ዕቃ ውስጡ በስስ ሽፋን ተከፍሎ፥ በአንዱ ወገን ናይትሮጅን የተባለ ጋዝ፥ በሌላው ወገን በፓምፕ የሚገፋ ዘይት ይገኛል። ጋዙ እየተጨመቀና እየተለጠጠ የሞላን ሥራ ይሠራል፤ ዘይቱም የመኪናዋን ከፍታ ይጠብቃል። መሪውንና ፍሬኑን የሚያግዘውም ይኸው የዘይት ኃይል ነው። በ1962 ፕሬዚዳንት ዴ ጎል በፓሪስ አቅራቢያ የጥይት አደጋ በደረሰባቸው ጊዜ፥ የመኪናዋ ጎማዎች ቢተነፍሱም ሹፌራቸው መሪውን ሳይስት ከአደጋው አውጥቷቸዋል።

ዛሬ ግን ከእነዚህ መኪናዎች የመጨረሻይቱ እንኳ ግማሽ ምዕት ዓመት አስቈጥራለች። ስለዚህ ዕቃ ከመለወጥ አስቀድሞ የጥፋቱን ምክንያት መመርመር ይገባል።

አንደኛ፤ ጉዞዋ ከሻከረ፥ ሞተሩ እየሠራ ከየማዕዘኗ በእጅዎ ወደ ታች ይጫኗት። በልስላሴ ዝቅ ብላ ከተመለሰች ደኅና ናት፤ እንደ ድንጋይ ከደነደነች ግን በዚያ ወገን ያለው ጋዝ አልቋል። ጋዙ በብዙ ዓመት ውስጥ በስሱ ሽፋን እያለፈ ይጠፋልና።

ሁለተኛ፤ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ ያድምጡ። በየጊዜው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ በየጥቂት ሴኮንድ ከተደጋገመ፥ የዘይቱን ኃይል የሚያከማቸው ዕቃ ደክሟል፥ ወይም ዘይቱ በውስጥ ያፈስሳል። እንዲህ ሲሆን መሪው ቢከብድ ጥፋቱ የመሪው ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛ፤ ወደ አንድ ወገን የምትስብ ከሆነ፥ አስቀድመው የጎማዎቹን ነፋስ ይመልከቱ፤ ቀጥሎም የፊት ጎማዎችን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከቀኝ ወደ ግራ ያለዋውጡ። መሳቡ ወገን ከለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልለወጠ የፊት ጎማዎችን ከመሬት አስነሥተው ሞተሩን ያስነሡ፤ መሪው ማንም ሳይነካው በራሱ ከዞረ የዘይቱ ግፊት በሁለቱ ወገን እኩል አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው በእጅ ሲነቀነቅ የሚላላ ከሆነ ግን ኩሽኔታው ወይም የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ ተበልቷል።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ዘይት መደባለቅ ነው። ቀድሞ ቀይ ዘይት ይጨመር ነበር፤ ከ1966 ጀምሮ በአረንጓዴ የማዕድን ዘይት ተተካ። ለአንዱ ዘይት የተሠራው ጎሚኒ በሌላው ዘይት ይበላሻል፤ ፍሬኑም በዚያው ዘይት ስለሚሠራ ስሕተቱ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ለአረንጓዴው ዘይት የተሠሩት ዕቃዎች ከፋብሪካ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተው ስለሚወጡ፥ ዘይት ከመጨመርዎ በፊት ይህን ያስተውሉ።

ደግሞም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መኪናዋ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ትወርዳለችና፥ በጠንካራ የብረት ድጋፍ ሳትያዝ ማንም ሰው ከሥሯ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ቤተሰብዎን አሳፍረው መንገድ ከመጀመርዎ በፊት በዚህ ምርመራ የሚያጠፉት አንድ ሰዓት፥ ያለ ምክንያት ከሚለወጥ ዕቃ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል።