የቀጥታ ድምፅ መስጫ ቴክኖሎጂ የነዋሪዎችን የፕላን ተሳትፎ ለማጠናከር ያስችላል

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የፕላን ዝግጅት የኅብረተሰቡን ተሳትፎ የተከተለ እንዲሆን ደንግጓል። ይሁን እንጂ በተለመዱት የውይይት መድረኮች ሐሳባቸውን የሚገልጹት የመናገር ዕድል የሚያገኙ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የቀሩት ተሳታፊዎች አቋም በቃለ ጉባኤ ሳይሰፍር ይቀራል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ችግሩ ይበልጥ ይጎላል። እንደ ቦሌ አራብሳ ባሉ የጋራ መኖሪያ መንደሮች የሚኖሩት ከተለያዩ የከተማዋ አካባቢዎች በዕጣ የተሰባሰቡ በመሆናቸው፣ ጥቂት ተናጋሪዎች የሁሉንም ፍላጎት ይወክላሉ ማለት ያዳግታል።

በቀጥታ ድምፅ መስጫ ዘዴ እያንዳንዱ ተሳታፊ በእጅ መሣሪያ ወይም በተንቀሳቃሽ ስልክ መልሱን ሲልክ፣ ድምሩ ወዲያውኑ በአዳራሹ ስክሪን ላይ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 በኒውዮርክ ከተማ ከ4 ሺህ በላይ ሰዎች በዚሁ ዘዴ በዓለም ንግድ ማዕከል ሥፍራ መልሶ ግንባታ ላይ አስተያየት ሰጥተዋል። የቀረቡት 6 ረቂቅ ዕቅዶች ተቀባይነት በማጣታቸውም የዲዛይን ሥራው እንደ አዲስ ተጀምሯል።

ቴክኖሎጂው ግን በአዳራሹ ያልተገኘውን ነዋሪ ድምፅ አይቆጥርም። በመሆኑም ተከራዮች፣ አረጋውያንና ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው ወገኖች የሚሳተፉበትን መንገድ ማመቻቸት፣ ከአማራጮቹ መካከል «አንዱንም አልደግፍም» የሚል መልስ ማካተት፣ እንዲሁም ውጤቱ በፕላኑ ላይ ያስከተለውን ለውጥ ለነዋሪው ማሳወቅ ከአስፈጻሚው አካል ይጠበቃል።