ብረቱ ወይስ ነጂው? የትራክተር ደህንነት ጥያቄ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል

ትራክተር ላይ የወጣ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው ነገር የፍሬኑ ፔዳል ሁለት መሆኑን ነው። አንዱ የግራውን የኋላ ጎማ፣ ሌላው የቀኙን ይይዛል። ማሳ ውስጥ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንዱን ብቻ ረግጦ በጠባብ ቦታ መታጠፍ ይቻላል። አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን ሁለቱ ፔዳሎች በትንሽ የብረት መቀርቀሪያ መያያዝ አለባቸው። ሳይያያዙ ቀርተው ነጂው በድንጋጤ አንዱን ቢረግጥ፣ ትራክተሩ ወደዚያ ወገን ይጠመዘዛል።

አሁን ይህን መቀርቀሪያ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ አስቡት። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዚህ ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወረዳል። ልምድ ያለው የከባድ መኪና ሹፌር ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይይዘዋል እንጂ ፍሬኑን ብቻ አያምንም። ተጎታች የሚስብ ትራክተር ደግሞ ከኋላው የሚገፋው ክብደት አለ፤ ከጎኑም ገደል።

ስለ ትራክተር ደህንነት የሚደረገው ክርክር የቆየ ነው። አንዱ ወገን «ትራክተር የሚገለብጠው ነጂው ነው፤ የሠለጠነና የተጠነቀቀ ሰው አይገለብጥም» ይላል። ሌላው ወገን የመገልበጥ መከላከያ ብረት፣ የደህንነት ቀበቶና ከትራክተሩ ወደ እርሻ መሣሪያው ኃይል የሚያስተላልፈው ተሽከርካሪ ዘንግ መሸፈኛ በሕግ ግዴታ ይሁኑ ባይ ነው።

የመጀመሪያው ክርክር የሚሸነፈው በሰዓት ነው። ትራክተር ወደ ኋላ ሲገለበጥ ጠቅላላው ነገር የሚያልቀው በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ውስጥ ነው። መመለስ የማይቻልበት ነጥብ ደግሞ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ይታለፋል። የኋላ ጎማ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ነጂው ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቅ፣ ወይም ሸክሙን ከመጎተቻው በላይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲያስር የሚሆነው ይኸው ነው። በዚህ ፍጥነት ፍሪሲዮን መርገጥም ሆነ መዝለል የሚችል ሰው የለም። ከነጂው ጭንቅላት በላይ የቆመው ብረት ግን አስቀድሞ እዚያው ነው።

ይህን ቀድማ የተረዳችው ስዊድን ናት። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ የሚሸጥ ትራክተር ሁሉ መከላከያ እንዲኖረው አስገደደች፤ በኋላም ግዴታውን ወደ አሮጌዎቹ አሰፋች። በመገልበጥ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከዓመት ዓመት ወርዶ ወደ ዜሮ ተጠጋ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ቀጣሪዎችን ብታስገድድም፣ በቤተሰብ ብቻ የሚሠሩ እርሻዎችን ከግዴታው ውጭ አደረገች፤ አሮጌ ትራክተሮችም መከላከያ ሳይኖራቸው ለአሥርት ዓመታት በማሳ ላይ ቆዩ።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመጣ፣ ሚዛኑ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ወደ ባለቤቱ ያጋድላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የማሽን ወይም የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ሠራተኛውም ያለ ግዴታ አልተተወም፤ የተሰጠውን የመከላከያ መሣሪያ መጠቀም አለበት፤ ሰክሮ ሥራ ከገባ ወይም የተሰጠውን ግልጽ የደህንነት መመሪያ ሆን ብሎ ከጣሰ ካሣውን ሊያጣ ይችላል። ትራክተሩን ገዝቶ ራሱ የሚነዳው አርሶ አደር ግን አሠሪም ሠራተኛም ራሱ ነው። ለእሱ ካሣ የሚከፍል የለም፤ ያለው መድን ብረቱ ብቻ ነው።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቀደ። ውሳኔው የሚመሰገን ነው፤ የበሬን ድካም ይቀንሳል፣ ምርት ያሳድጋል። ሆኖም የደቡብ ወሎ መሬት ሁሉ እንደ ቦርከና ሸለቆ ሜዳ አይደለም፤ ተዳፋት ይበዛዋል።

የነጂው ድርሻ ከብረቱ ቀጥሎ ይመጣል፤ ትንሽም አይደለም። መከላከያ ባለው ትራክተር ላይ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ተወርውሮ ራሱ ብረቱ ሥር ሊወድቅ ይችላል። በአንጻሩ መከላከያ በሌለው ትራክተር ላይ ቀበቶ ማሰር ነጂውን ከሚጨፈልቀው ማሽን ጋር ማሰር ነው። ፓራፋንጎ ላይ ልጅ ወይም ዘመድ አስቀምጦ መንዳትም፣ በፍቅር የተደረገ ቢሆን እንኳ፣ የሰው ሕይወት ማስያዝ ነው። ትራክተር የተሠራው ለአንድ ሰው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ነው። ብረቱን የሚገዛው ባለቤቱ ነው፤ ብረቱ ሲጎድል የሚሞተው ነጂው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከቀረጥ ነፃ የሚገባ ትራክተር ሁሉ መከላከያና ቀበቶ ያለው መሆኑ ከመፈቀዱ በፊት ይረጋገጥ። ቦታ ያጣብባል ተብሎ የተፈታ መከላከያ ካለም ወደ ቦታው ይመለስ። እናንተ ነጂዎች ደግሞ ሐረጎን ከመውረዳችሁ በፊት ጎንበስ በሉና ሁለቱን ፔዳሎች አያይዙ።