ቋሚ እንጨት ወይስ ሙቀት ተከላካይ ፓነል? በሰሜን አሜሪካ የሁለት ግድግዳ አሠራሮች ንጽጽር

መግቢያ

በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ የአነስተኛ መኖሪያ ቤቶች ዋነኛው የግንባታ ዘዴ የእንጨት ማዋቀር ነው። ቀጫጭን ቋሚዎች በ40 ወይም በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላሉ፤ ከላይና ከታች በአግዳሚ እንጨት ይታሰራሉ፤ ከውጭ በሰሌዳ ይሸፈናሉ። በቋሚዎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት በሙቀት መከላከያ ይሞላል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ ከቺካጎ አካባቢ እየተስፋፋ የመጣ ሲሆን፣ ዝርዝሩ ቢለወጥም መሠረተ ሐሳቡ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ከዚህ ዘልማዳዊ አሠራር ጋር የሚፎካከረው መዋቅራዊ ሙቀት ተከላካይ ፓነል ነው። ፓነሉ ሁለት የእንጨት ሰሌዳዎችና በመካከላቸው በሙጫ የተጣበቀ ወፍራም ፎም ያሉት ሲሆን፣ ግድግዳው ወይም ጣሪያው በፋብሪካ ተቆርጦ በቦታው ላይ ይገጣጠማል። ስለ ሁለቱ ዘዴዎች የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ የትኛው መከላከያ ሙቀትን የበለጠ ይይዛል በሚለው ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ይሁን እንጂ ዋናው ልዩነት ከመከላከያው ጥራት ይልቅ ሸክም፣ ሙቀትና አየር በግድግዳው ውስጥ በሚጓዙባቸው መንገዶች ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሦስት መንገዶች በየተራ በማየት የፓነሉ ብልጫም ሆነ አደጋ ከምን እንደሚመነጭ ማስረዳት ነው።

የፓነሉ አመጣጥ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በማዲሰን፣ ዊስኮንሲን የሚገኘው የአሜሪካ የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ የግድግዳው ሽፋን ራሱ ሸክም እንዲጋራ የተደረገበትን የሙከራ ቤት ሠርቷል። አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይትም በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ አካባቢ በተነባበሩ ሰሌዳዎች የተሠሩ ቀጭን ግድግዳዎችን በአነስተኛ ዋጋ ቤቶቹ ላይ ተጠቅሟል፤ ሆኖም እነዚህ ግድግዳዎች በቂ የሙቀት መከላከያ አልነበራቸውም። የራይት ተማሪ የነበረው አልደን ዳው እ.ኤ.አ. በ1952 በሚድላንድ፣ ሚሺጋን የፎም እምብርት ያላቸውን ፓነሎች ለመኖሪያ ቤት በማዋል ይህን ጉድለት ሞላ። ዘዴው በስፋት ለገበያ የቀረበው ግን ከእንጨት ስንጣሪ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ኦ.ኤስ.ቢ. የተባለው ሰሌዳ በትልልቅ መጠንና በተመጣጣኝ ዋጋ መመረት ከጀመረ በኋላ ነው።

ሸክም የሚጓዝበት መንገድ

በዘልማዳዊው ግድግዳ የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው። የጣሪያውና የወለሉ ክብደት በየቋሚው አልፎ ወደ መሠረቱ ይወርዳል። የውጭ ሰሌዳው ግድግዳው በነፋስ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ ወደ ጎን እንዳይዘነበል ይይዛል። መከላከያው ደግሞ ምንም ሸክም የለበትም።

በፓነሉ ግን እነዚህ ተግባራት ተዋሕደዋል። አሠራሩ በአይ ፊደል ቅርጽ ከተሠራ የብረት አግዳሚ ጋር ይመሳሰላል። ሁለቱ ሰሌዳዎች እንደ አግዳሚው የላይና የታች ክንፎች፣ ፎሙ ደግሞ በመካከል እንዳለው ቀጭን አካል ያገለግላሉ። ነፋስ ፓነሉን ሲገፋው አንዱ ሰሌዳ ሲጨመቅ ሌላው ይወጠራል። ፎሙ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረውን የሸርተቴ ኃይል ይቋቋማል፤ ቀጭኑ ሰሌዳ ከጎኑ እንዳይጎብጥም ይደግፈዋል። በዚህ ምክንያት 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ሰሌዳዎች ለየብቻቸው ሊሸከሙት የማይችሉትን ጭነት አንድ ላይ ሆነው ይሸከማሉ።

ከዚህ ውሕደት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ሙጫው የመዋቅሩ አካል ነው፤ ከለቀቀ ፓነሉ ወደ ሁለት ደካማ ሰሌዳዎች ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ፎም ለረጅም ጊዜ በማያቋርጥ ጭነት ሥር ሲቆይ ቀስ በቀስ ስለሚለጠጥ፣ በጣሪያና በወለል ፓነሎች ንድፍ ላይ ይህ ባሕርይ በስሌት መካተት አለበት።

የሙቀት ድልድይ

የሙቀት መከላከያ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለመከላከያው ብቻ ነው። ቤቱ የሚያጣው ሙቀት ግን በመላው ግድግዳ በኩል የሚያልፈው ነው። እንጨት ከመከላከያ ይልቅ ሙቀትን በብዙ እጥፍ ስለሚያስተላልፍ፣ እያንዳንዱ ቋሚ ከውስጥ ወደ ውጭ የተዘረጋ የሙቀት ድልድይ ይሆናል።

ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 14 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ግድግዳ በ0.04 ዋት በሜትር ኬልቪን አስተላላፊነት ባለው መከላከያ ቢሞላ፣ የመከላከያው የሙቀት መቋቋም 3.5 ካሬ ሜትር ኬልቪን በዋት ይሆናል። አስተላላፊነቱ 0.12 የሆነው የእንጨት ቋሚ ግን በተመሳሳይ ጥልቀት የሚቋቋመው 1.17 ብቻ ነው። በመስኮትና በበር ዙሪያ፣ በማዕዘንና በአግዳሚዎች ያለው ተደምሮ እንጨት የግድግዳውን ስፋት 25 በመቶ ቢይዝ፣ በዚህ ሩብ ስፋት የሚያልፈው ሙቀት በቀሪው ሦስት አራተኛ ከሚያልፈው ጋር እኩል ይሆናል። የግድግዳው አማካይ መቋቋምም ከ3.5 ወደ 2.33 ይወርዳል፤ ይኸውም አንድ ሦስተኛውን ያጣል።

ፓነል በመገጣጠሚያዎችና በመክፈቻዎች ዙሪያ እንጨት ቢኖረውም በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ቋሚ የለውም። በዚያው ውፍረትና በዚያው የመከላከያ ዓይነት የእንጨቱ ድርሻ 5 በመቶ ነው ቢባል፣ አማካይ መቋቋሙ 3.18 ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ መከላከያው ለሁለቱም አንድ ዓይነት መሆኑን ማስተዋል ያሻል፤ ልዩነቱን ያመጣው የእንጨቱ ድርሻ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ውጤት የክርክሩ ማብቂያ አይደለም። በዘልማዳዊው ግድግዳ ውጫዊ ገጽ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያልተቋረጠ መከላከያ ቢለጠፍ፣ ድልድዮቹ በከፊል ስለሚዘጉ በተመሳሳይ የስሌት ዘዴ አማካይ መቋቋሙ 3.8 ገደማ ይደርሳል። በእርግጥ ግድግዳው በዚያው ልክ ይወፍራል፤ የሥራው ደረጃም ይጨምራል። ስለዚህ ተገቢው ንጽጽር አንድን የተሟላ ግድግዳ ከሌላ የተሟላ ግድግዳ ጋር እንጂ ፓነልን ደካማ ሆኖ ከተሠራ ማዋቀር ጋር ማነጻጸር አይደለም።

አየርና እርጥበት፦ የጁኖ ትምህርት

ፓነል ትልልቅ ቁራጮች ስላሉት አየር የሚያልፍባቸው ስፌቶች ጥቂት ናቸው። እነዚህ ስፌቶች በሚገባ ከታሸጉ ቤቱ እጅግ አየር የማያስገባ ይሆናል። ይህ ነዳጅን ይቆጥባል፤ ንጹሕ አየር ግን በራሱ ስለማይገባ በመሣሪያ የሚሠራ የአየር ማናፈሻ ያስፈልጋል።

ስፌቶቹ ሳይታሸጉ ሲቀሩ ምን እንደሚከተል በአላስካ ዋና ከተማ በጁኖ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ በከተማዋ በፓነል የተሠሩ በርካታ ጣሪያዎች በመገጣጠሚያዎቻቸው አካባቢ፣ በተለይም በጣሪያው አናት፣ በስብሰው ተገኙ። ምርመራው ያመለከተው በሚገባ ባልታሸጉ ስፌቶች በኩል ይወጣ የነበረውን አየር ነው።

የብልሽቱ ሂደት እንዲህ ይገለጻል። 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና 40 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው የቤት ውስጥ አየር ወደ 7 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ተኑ ወደ ውኃ መለወጥ ይጀምራል። በክረምት ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በጣሪያው አናት ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ግፊት ከፍተኛ ይሆናል። አየሩ በስፌቱ ሾልኮ ከ7 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘውን የውጭ ሰሌዳ ሲነካ ውኃው እዚያው ይቀራል። ዝናብ በሚበዛበትና ማሞቂያ ለረጅም ወራት በሚሠራበት ስፍራ ሰሌዳው የሚደርቅበት ጊዜ አያገኝም።

በዘልማዳዊው ጣሪያ ከመከላከያው በላይ የሚተው የአየር መተላለፊያ በስሕተት የገባውን እርጥበት በከፊል ያወጣዋል። በተለመደው የፓነል ጣሪያ ይህ ክፍተት የለም። ከዚህም በላይ የሚበሰብሰው ሰሌዳ ራሱ ተሸካሚው አካል ነው። ስለዚህ ስፌቶችን በሚነፋ ፎምና በማስቲክ መሙላት፣ ከውስጥ በኩል በላያቸው ተለጣፊ ቴፕ መለጠፍ፣ እርጥብ በሆኑ አካባቢዎችም ከፓነሉ በላይ አየር የሚዘዋወርበት ሁለተኛ ሽፋን መሥራት የጌጥ ጉዳይ ሳይሆን የመዋቅሩ ዕድሜ ጉዳይ ነው።

ሥራ፣ ለውጥና ጥገና

ፓነል ሥራን ከግንባታ ቦታው ወደ ፋብሪካ ያዛውራል። ግድግዳውና ጣሪያው በአጭር ጊዜ ይቆማሉ፤ በቦታው ላይ የሚባክነው ቁርጥራጭ እንጨትም ይቀንሳል። በምትኩ ንድፉ ቀደም ብሎ መጠናቀቅ አለበት። የኤሌክትሪክ መስመር መተላለፊያዎች በፎሙ ውስጥ አስቀድመው ይበጃሉ፤ ትልልቆቹ ፓነሎችም ክሬን ይጠይቃሉ። የመሠረቱ ልኬት ጥቂት ቢሳሳት የተቆረጠውን ፓነል በቦታው ማስተካከል አድካሚ ነው። በማዋቀር ግን አናጺው በመጋዝና በመዶሻ ስሕተቱን እዚያው ያርማል፤ የተበላሸን አንድ ቋሚም ነጥሎ መለወጥ ይችላል።

ፎሙ ሌሎች ጥንቃቄዎችንም ይሻል። በእሳት ጊዜ ቶሎ እንዳይጋለጥ ከውስጥ በኩል በጂፕሰም ቦርድ ይሸፈናል። ጉንዳንና ምስጥ በውስጡ ሊቦረቡሩ ስለሚችሉም አንዳንድ አምራቾች የቦሮን ውሕድ ይጨምሩበታል።

መደምደሚያ

ሁለቱ ዘዴዎች ስሕተትን የሚቀበሉበት መጠን ይለያያል። ማዋቀር ብዙ ትናንሽ ጉድለቶች ያሉት፣ ነገር ግን አንዱ ጉድለት ሙሉውን የማይጥልበት አሠራር ነው። ፓነል በአንጻሩ ጥቂት ስፌቶች ያሉት፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ስፌት ወሳኝ የሆነበት አሠራር ነው። ረጅም ክረምት፣ የተጠናቀቀ ንድፍና የሠለጠነ ገጣጣሚ በተገናኙበት ቦታ ፓነል ብልጫ አለው። ከእነዚህ አንዱ በጎደለበት ቦታ ከውጭ መከላከያ የተጨመረበት ማዋቀር ይመረጣል።

ውጤቱን ወደ ሌላ አየር ንብረት ማዛወርም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቤት በማሞቂያ በማይሞቅበትና የቀንና የሌሊት ሙቀት በሰፊው በሚለያይበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ፣ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊት የሚያቆየው የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ ክብደት ራሱን የቻለ ጥቅም አለው፤ ቀላሉ ፓነል ደግሞ ይህን አይሰጥም። በመሆኑም በማንኛውም ቦታ ከፓነሉ የዋጋ ዝርዝር በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ሙቀቱ በየት ያልፋል? አየሩ በየት ይወጣል? የገባው ውኃስ በየት ይደርቃል?