ሕመም የሌለው እብጠት፦ በአርሲ ደጋ የጡት ካንሰርን በጊዜ ስለመለየት

ከአሰላ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ገብስና ስንዴ በሚመረትባቸው ቀበሌዎች የምትኖር ሴት ወደ ጤና ተቋም የምትሄደው በአመዛኙ ሥራ የሚያስፈታ ሕመም ሲገጥማት ነው። ትኩሳት፣ ምጥ ወይም የልጅ ተቅማጥ ጊዜ አይሰጡም። ጡቷ ላይ የዳሰሰችው፣ የማያምና አልጋ የማያሲዝ እብጠት ግን ጊዜ የሚሰጥ ይመስላታል። በመጀመሪያ አዝመራው እስኪሰበሰብ፣ ቀጥሎ ልጁ ጡት እስኪተው፣ ከዚያም ገንዘብ እስኪገኝ ይቆያል። የጡት ካንሰር አደጋም እዚህ ላይ ነው፤ በሽታው በጅምሩ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሕመም ሲሰማ፣ ቆዳው ሲቆስል ወይም ክንድ ሲያብጥ ለመዳን የሚያስችለው ጊዜ አልፎ ሊሆን ይችላል።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ከ16,000 በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ተይዘዋል፤ ከ9,000 በላይ የሚሆኑትም ሞተዋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ የታካሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 ዓመት መሆኑን፣ አብዛኞቹም ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደርሰው መምጣታቸውን አሳይቷል። ይህ ልጆች የሚያሳድጉና ቤት የሚያስተዳድሩ እናቶች ዕድሜ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮች ተለይተው መታየት አለባቸው። ቅድመ ልየታ የሚባለው ምንም ምልክት የሌላቸውን ሴቶች መመርመር ነው። ምልክት ያየችን ሴት ሳይዘገይ መርምሮ ሕክምና ማስጀመር ግን በጊዜ መለየት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ የጤና ሥርዓታቸው ደካማና አቅማቸው ውስን በሆነ አካባቢዎች ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ሁለተኛው እንጂ በማሞግራም የሚደረግ ቅድመ ልየታ አለመሆኑን ገልጿል።

ከሌሎች አገሮች የተገኘው ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። በሻንጋይ ከ266,000 በላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞችን ያሳተፈው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታተም፣ ጡትን ራስን በራስ የመመርመር ትምህርት ብቻውን ሞትን እንዳልቀነሰ ታውቋል። በሙምባይ ከ150,000 በላይ ሴቶችን ለ20 ዓመት የተከታተለው ጥናት ደግሞ፣ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው ያደረጉት ምርመራ በሽታው በቀደመ ደረጃ እንዲገኝ ረድቷል። በ50 ዓመትና ከዚያ በላይ ባሉት ሴቶች ላይም ሞትን በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ከዚያ በታች ባሉት ላይ ግን ይህ ውጤት አልታየም። ታካሚዎቻችን በብዛት ከ50 ዓመት በታች በመሆናቸው፣ ምልክትን የምታውቅ ሴትና ምልክትን የማይንቅ የጤና ባለሙያ ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋሉ።

ሴቲቱን የሚያዘገያት አለማወቅ ብቻ አይደለም። እብጠቱ ከምች ወይም ከሰው ዐይን የመጣ ነው ተብሎ ጸበል ወይም የባህል ሐኪም ሊቀድም ይችላል። የበሽታውን ስም የሰማችም ብትሆን ካንሰር የሞት ፍርድ ይመስላታል፤ ጡቷ እንዳይቆረጥም ትፈራለች። የመንገድ ወጪ ከባልና ከቤተሰብ ጋር ይመከርበታል። በወንድ ባለሙያ ፊት ጡትን ማሳየትም ለብዙዎች ከባድ ነው። በመሆኑም ትምህርቱ አብዛኛው የአርሲ ሕዝብ በሚናገረው በኦሮምኛ፣ በአጭሩና ባል ባለበት ጭምር ቢሰጥ ይመረጣል። መልእክቱም አንድ ነው፦ «የማያም እብጠት ከሁሉ በፊት ይታይ።» በተለይ በወጣት ሴቶች ላይ አብዛኞቹ የጡት እብጠቶች ካንሰር እንዳልሆኑ አብሮ መነገር አለበት፤ ይህን የሰማች ሴት ለመመርመር ድፍረት ታገኛለችና።

ሌላው መዘግየት የሚፈጠረው ሴቲቱ ከመጣች በኋላ በጤና ተቋም ውስጥ ነው። በምታጠባ እናት ጡት ላይ የተገኘ እብጠት ሁሉ የጡት ብግነት ተብሎ አንቲባዮቲክ ደጋግሞ ሊታዘዝበት ይችላል። ብግነት ከሆነ በተገቢው ሕክምና በቀናት ውስጥ መሻሻል ይታይበታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልጠፋ እብጠት ግን መድኃኒት ተቀይሮለት የሚጠበቅ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል የሚላክ ነው። መግል መኖሩ ሳይረጋገጥ እብጠትን መሰንጠቅም አይገባም። ጠንካራና በቀላሉ የማይንቀሳቀስ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከአንድ ጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ያለበት ፈሳሽ፣ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ቆዳ፣ በብብት ሥር የተገኘ ንፍፊት ወይም የማይድን ቁስል ከታየ ግን ሁለት ሳምንትም አይጠበቅም።

ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ያሠማራቸው ሠራተኞች በአብዛኛው ሴቶች በመሆናቸው ጥያቄውን በየቤቱ ለማንሳት ይቀላቸዋል። በጤና ጣቢያ ደግሞ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ለማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ሲመጡ፣ እንዲሁም ለቤተሰብ ምጣኔና ለልጆች ክትባት በሚቀርቡበት ጊዜ ጡትና ብብት በተከለለ ክፍል ሊታይ ይችላል። ሴቲቱን ስትቀመጥም ስትተኛም መመርመር የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ወደ አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል የመላኪያ ወረቀት መጻፍ ግን የሥራው መጨረሻ አይደለም። የሴቲቱ ስምና ስልክ በመዝገብ ተይዞ መድረሷ ካልተረጋገጠ ወረቀቱ ቤት ተቀምጦ ሊቀር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ግብ ታካሚዋ በቀረበች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራው እንዲጠናቀቅ ነው፤ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረውም በጤና ጣቢያው በር ላይ ነው።

ከምርመራ በኋላ ያለውም ጉዞ ቀላል አይደለም። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ይሰጥ የነበረው ከአሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ከሚገኙት የጡት ካንሰሮች ሁለት ሦስተኛው ያህል ለሆርሞን ሕክምና የሚመልሱ መሆናቸው በጥናት ታይቷል። ለነዚህ ሴቶች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት በየቀኑ የሚወሰደው ታሞክሲፌን ውድ ያልሆነ፣ ሙኔሳም ሆነ በቆጂ እቤት ተቀምጦ የሚዋጥ ክኒን ነው። እብጠቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሳይሞላና ወደ ብብት ሳይዛመት የተገኘላት ሴት ካንሰር የሞት ፍርድ እንዳልሆነ ለጎረቤቶቿ ማስረጃ ትሆናለች።

ስለዚህ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት ለሌላ ጉዳይ መጥታ በመጨረሻ፣ ልትወጣ ስትል፣ «ይቺም አለች፤ ግን አታመኝም» ብትል፣ ባለሙያው እንደገና ሊያስቀምጣትና ሊመረምራት ይገባል።